ላጲሱ ከመነሳቱ በፊት

አምስት የሰሊጥ ማሳዎች በሄክታር 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 12 ኩንታል ሰጡ እንበል። አማካዩ፣ ሚዲያኑና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስንት ነው? በመግቢያ ስታቲስቲክስ የልምምድ ወረቀት ላይ የማይጠፋ ዓይነት ጥያቄ ነው። ለገንዳ ውሃ ከተማ ተማሪም ነገሩ ባዕድ አይደለም። የምዕራብ ጎንደር ቆላ በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ የሚኖር አገር ስለሆነ ልጆች ስለ ሄክታርና ኩንታል ከቤታቸው እየሰሙ ነው የሚያድጉት።

ተማሪው ይደምራል፤ 30 ይመጣለታል። ለ5 ሲያካፍለው አማካዩ 6 ይሆናል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረድራቸው መሐል ላይ የሚውለው 5 ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቁጥር ከ6 ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ ይደምርና 50 ያገኛል። ለ5 ሲያካፍል 10፣ የ10 ስኩዌር ሩት ደግሞ 3.16። ከዚያ የመልሱን ገጽ ይገልጣል። እዚያ የተጻፈው 3.54 ነው። ላጲሱን አንስቶ የሠራውን ሁሉ ያጠፋል።

ያ ሥራ መጥፋት አልነበረበትም።

አምስቱ ማሳዎች የሚጠናው ነገር በሙሉ ከሆኑ ለ5 ማካፈል ትክክል ነው። ከብዙ ማሳዎች መካከል የተወሰዱ ናሙና ከሆኑ ግን የሚካፈለው ለ4 ነው፤ 12.5 ይመጣል፣ ስኩዌር ሩቱም 3.54 ገደማ ይሆናል። አማካዩ የተሰላው ከራሱ ከናሙናው በመሆኑ ቁጥሮቹ ወደ እሱ ይጠጋሉ፤ ስለዚህ ለ5 ቢካፈል ልዩነቱ በአብዛኛው ከእውነቱ አንሶ ይታያል። ብዙ ካልኩሌተሮችም ለእነዚህ ሁለት ስሌቶች የተለያየ ምልክት አላቸው። የናሙናን ነገር አካባቢው በሥራ ያውቀዋል። ሰሊጥ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሲገባ ደረጃ የሚወጣለት ፍሬው አንድ በአንድ ተቆጥሮ ሳይሆን ናሙና ተወስዶለት ነው።

የትንሽ ናሙና ስሌት ራሱ የተወለደው ከእርሻ ምርት ጋር ነው። ዊሊያም ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ቢራው ከሚጠመቅበት የእርሻ ምርት እጁ ላይ የነበሩት ጥቂት ልኬቶች ብቻ ነበሩ። ከጥቂቱ ምን ያህል ማወቅ እንደሚቻል የደረሰበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲያሳትም የተጠቀመበት የብዕር ስም «ተማሪ» የሚል ነበር።

የመልስ ገጽ የሚጠቅመው ተማሪው ለራሱ ሥራ መከራከር ሲችል ነው። የራሱ መልስ ከተጻፈው ሲለይበት «ተሳሳትኩ» ብሎ ከመደምደሙ በፊት «ጥያቄው ምን ብሎኝ ነበር?» ብሎ ወደ ጥያቄው መመለስ አለበት። ይህ ልምድ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ልጆችም ያለ መምህር፣ በሃንድአውትና በስልክ በተላከ ወረቀት ሲያጠኑ ከርመዋል። አጠገቡ የሚያርመው ሰው የሌለው ልጅ ራሱን ማረም ካልተማረ የተሳሳተ መልስም እንደ ትክክል ይዞ ይቀራል።

ራስን ማረሙ አዲስ ቀመር አይፈልግም። አማካይ ከትንሹ ቁጥር ሊያንስ፣ ከትልቁም ሊበልጥ አይችልም። ከአማካዩ ያሉት ልዩነቶች ሲደመሩ ዜሮ መምጣት አለባቸው፤ በሰሊጡ ምሳሌ ከ6 በታች ያሉት 3፣ 2 እና 1 ጎድለው፣ 12ቱ በ6 በልጦ እኩል ይሆናሉ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ኔጌቲቭ አይሆንም፤ ትልቁ ቁጥር ከትንሹ ከሚበልጥበት መጠንም፣ እዚህ ከ9 ማለት ነው፣ አያልፍም። ፕሮባብሊቲ ከ1 በልጦ ከመጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። እነዚህን አይቶ ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ይኸው ልምድ ከክፍል ውጭም ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተቀምጠው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ተባለ። ተማሪው ያለ ካልኩሌተር ሊያጣራው ይችላል። የ900 ሺህ አንድ በመቶ 9 ሺህ ነው፤ ሦስቱ 27 ሺህ ይሆናል፤ ቀሪው ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ቁጥር ከአንድ በመቶ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ቁጥሩ ይገጥማል። በ2017 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ሲል ደግሞ የጨመረው 5.1 የመቶኛ ነጥብ ነው እንጂ 5.1 በመቶ አይደለም፤ በእጥፍ ሲሰላ ድርሻው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል።

ስመ ጥር መሆንም ከስህተት አያድንም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1754 በወጣ የኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፉ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው የሚል ስሌት አቀረበ። የሚሆኑት ግን አራት ናቸው፦ ዘውድ ዘውድ፣ ዘውድ ጎፈር፣ ጎፈር ዘውድ፣ ጎፈር ጎፈር። ከአራቱ ሦስቱ ዘውድ አለባቸው። የተጠራጠረ ተማሪ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ መቶ ጊዜ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይወርውር፤ ውጤቱ በአብዛኛው ከ67 ይልቅ ወደ 75 ይጠጋል።

ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀበት መምህር ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ቢል አይፈረድበትም። የሚጠየቀው ግን ትንሽ ነው። በልምምድ ወረቀቱ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር «በምን አጣራኸው?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ ለዚያች መስመርም ነጥብ ይሰጥ። የመልስ ገጽ የሚያዘጋጁትም ከ3.54 ጎን ለ4 እንደተካፈለና ለምን እንደሆነ ይጻፉ።

ያኔ ተማሪው ወደ ሰሊጡ ተመልሶ ሌላ ነገር ያያል። ሌሎቹ ማሳዎች ከ3 እስከ 6 ኩንታል ሲሰጡ 12 የሰጠው ምን ዓይነት ማሳ ነው? እውነት ተመርቷል ወይስ 2 የሚለው ላይ 1 በስህተት ተጨምሮበት ነው? 2 ከሆነ አማካዩም ሚዲያኑም 4 ይሆናሉ። የመልሱ ገጽ ይህን አይነግረውም። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሰሊጥ ያመረተ አባቱን ወይም ጎረቤቱን በአንድ ሄክታር 12 ኩንታል ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል።