የእንጀራ አባት ስም በልደት ምስክር ወረቀት ላይ

ከአብርሃ ጅራ እስከ ሱዳን ድንበር የተዘረጋው ቆላ ቤተሰብን በትኖ መልሶ የሚያዋቅር አገር ነው። በደርግ ዘመን ከምዕራብ አርማጭሆና ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ከተሰደዱት መካከል እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ መሠረት አሜሪካ የገቡ አሉ። የሰሊጥ እርሻውም በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋ የሚያወርደው ሠራተኛ ሁሉ ወደ መጣበት አይመለስም፤ አንዳንዱ እዚያው ጎጆ ይቀልሳል። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ልጇን ይዛ እንደገና ማግባቷ፣ ልጁም በእንጀራ አባት እጅ ማደጉ እንግዳ ነገር አይደለም። ውዝግቡ የሚነሣው ይህ እንጀራ አባት ውሎ አድሮ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ያሳደገውን ልጅ ለመውሰድ ማመልከቻ ሲያስገባ ነው።

በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በውጭው ሕግ ጥብቅነት ላይ ይላከካል። አባባሉ ከግማሽ እውነት አያልፍም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የእንጀራ ልጅን «ልጅ» ብሎ ይቀበላል፤ የሚጠይቀው ዋና ነገር የእናቲቱና የእንጀራ አባቱ ጋብቻ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ መሆኑን ነው። ለጉዲፈቻ ልጅ ግን በመደበኛው ሥርዓት ጉዲፈቻው ከ16 ዓመት በፊት መፈጸሙ፣ በተጨማሪም የሁለት ዓመት ሕጋዊ አሳዳጊነትና አብሮ መኖር መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ የእንጀራ ልጅነት ከጉዲፈቻ ይልቅ አጭሩ መንገድ ነው። ይህ አጭር መንገድ የሚዘጋው በአገር ቤት፣ ወረቀቱ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ምክንያቱ ከስም አወጣጣችን ይጀምራል። በአገራችን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። አሳዳጊው «ልጄ ነው» ካለ ስሙን ሰጠው ማለት ነው፤ በትምህርት ቤት መዝገብም ሆነ በቀበሌ መታወቂያ የአባት ስም የእርሱ ይሆናል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም ይህንኑ ይከተላል። «የእንጀራ ልጅ» የሚለው ቃል የመገፋት ትርጉም ስላዘለ ፊት ለፊት አይነገርም። ከዚህ ሌላ የወላጅ አባትን ፈቃድ ከመፈለግ ጣጣ ለመዳን ሆን ተብሎ የሚደረግበትም ጊዜ አለ፤ እርሱም ሊሸሸግ አይገባም። ዳሩ ግን በአብዛኛው ነገሩ ደግነት ነው። ይኸው ደግነት ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ የሐሰት ማስረጃ ይባላል። የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይታዘዛል፤ ውጤቱም ሰውየው አባት አለመሆኑን ይመሰክራል። በእንጀራ ልጅነት ቢቀርብ ሊያልፍ ይችል የነበረ ማመልከቻ በአባትነት በመቅረቡ ይወድቃል፤ የእናቲቱ ማመልከቻም አብሮ ይጠረጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ የስደተኞችን ቤተሰብ የማገናኘት መርሐ ግብሯን ያቋረጠችው፣ ናይሮቢ ላይ በአብዛኛው በሶማሌና በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ የተጀመረው የዲ.ኤን.ኤ. ሙከራ ብዙ የዝምድና መግለጫዎችን ማረጋገጥ ስላልቻለ ነበር። መርሐ ግብሩ በ2012 ሲቀጥል ምርመራው ግዴታ ሆነ። ምርመራው የደም ዝምድናን እንጂ አስተዳደግን አይለካም፤ ሌላውን ሰው ልጅ በገንዘብ ያስመዘገበውንና የሚስቱን ልጅ ከሕፃንነቱ ያሳደገውን በአንድ ረድፍ ያሰልፋል። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማስረጃው ከባድ አይደለም። የወላጅ አባት ስም የሰፈረበት የልደት ምስክር ወረቀትና የእናቲቱን ዳግም ጋብቻ ቀን የሚያሳይ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የእንጀራ ልጅነት መሠረቱ ይታያል። የአገራችን ሕግ በባህልና በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል፤ ሁሉም ግን እንዲመዘገብ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራ ጀምሯል። ይሁንና በቆላው ልማድ የመጀመሪያው ጋብቻ ይደገሳል፤ ሁለተኛው በሽማግሌ ፊት በጸጥታ ያልቃል፤ መዝገብ ቤት የሚሄድም የለም። ሳይመዘገብ የቀረው ደግሞ ለልጁ መብት የሚቆጠረው ይኸው ሁለተኛው ጋብቻ ነው።

የወላጅ አባትን ስም መጻፍ ልጁን ያሳፍረዋል፣ የጠፋ አባት ስምም ቁስል ይቀሰቅሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ልጁ በሠፈር በእንጀራ አባቱ ስም ከመጠራት የሚከለክለው የለም። የሞተ ወይም የጠፋ አባት ካለ ደግሞ የእናቲቱን ብቸኛ ሞግዚትነት በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ይቻላል።

ጉዳዩ ጊዜም አይሰጥም። አመልካቹ የግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ከሆነ ልጁ በእናቱ ማመልከቻ ሥር ይካተታል፤ ዜጋ ከሆነ ግን ለልጁ ራሱን የቻለ ማመልከቻ ማስገባት አለበት። ይህን ሳያውቁ እናቲቱን ብቻ ያስመዘገቡ አባወራዎች ስሕተቱን የሚረዱት ቪዛው ሲደርስ ነው። ማመልከቻው ሳይገባ ልጁ 21 ዓመት ከሞላው ከቅርብ ቤተሰብ ምድብ ወጥቶ የዓመታት ወረፋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በምዕራብ አርማጭሆ የቀበሌ መዝገብ ሹም ልጅ ይዛ ያገባችን እናት ሲያስተናግድ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጋብቻችሁ ተመዝግቧል ወይ?» የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ «የልጁ አባት ማን ነው?» የሚለው ከዚያ በኋላ፣ እናቲቱ ብቻዋን ባለችበት ሊጠየቅ ይችላል።