ሰባ ዶላር ያተረፍንበት ጠዋት

 

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዷን ሳነብ ሳቅም ብስጭትም መጣብኝ። የሳቅኩት በጸሐፊዋ አይደለም፣ በራሴ ነው። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። ልጅቷ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ከቨርጂኒያ ከመጣ ልጅ ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ተፈራርመዋል፤ ወረቀቷም አልቆላታል፤ የቀራት መሄድ ብቻ ነው። እዚያ ስትደርስ ትንሽ ድግስ ቢጤ ይደገስና ጫጉላው በመርከብ ይሆናል። መርከቡ ከማያሚ ተነስቶ ሜክሲኮንና አንዳንድ ደሴቶችን አዳርሶ በሳምንቱ እሑድ ጠዋት እዚያው ማያሚ ይመልሳቸዋል። ደብዳቤዋ እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ የመልሱን አውሮፕላን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቆርጦታል። ‹መርከቡ 12 ሰዓት ይደርሳል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጊዜ አለን› ይላል። የከሰዓቱ ትኬት በሰው 70 ዶላር ይበልጣል። እኔ ‹አይደርስልንም› ብለው ‹አንቺ መርከብ የት ታውቂያለሽና ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ አላውቅም። ግን ሳቁ ቅር አሰኝቶኛል። ገና ከመጀመሪያው ከምጨቃጨቀው ዝም ልበል ወይስ ልናገር?»

ተናገሪ እህቴ! «መርከብ የት ታውቂያለሽ?» ሲልሽ «እኔ ባላውቅም የሚያውቁ አሉ» በይው። ከመርከብ ወርዳ የጠዋት አውሮፕላን ለመያዝ የሮጠች ሴት ይኸው እየጻፈችልሽ ነው። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ፤ ትኬቱ ላይ 9:30 የሚለው ማለት ነው።)

እኛ አውቶቡስ ያሳደገን ሰዎች ነን። አውቶቡሱ ቆመ ማለት ወረድን ማለት ነው። ረዳቱ ከላይ ዕቃውን ያቀብላል፣ ተሸክሞ መሄድ ነው። ባልሽም የቆጠረው በአውቶቡስ ሂሳብ ነው። መርከብ ግን 12 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ታሰረ ማለት ገና አንድም ሰው አልወረደም ማለት ነው። በመጀመሪያ የአሜሪካ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሰዎች «ይውረዱ» ማለት አለባቸው። የሻንጣው ክምርም ወደ አዳራሹ ይወርዳል። ከዚያ ሦስትና አራት ሺህ ሰው በየተራው እየተጠራ በጠባብ መውረጃ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ መውረድ የሚጀምሩት 1 ሰዓት ከሩብ፣ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የመጨረሻዎቹ የሚወርዱት 3 ሰዓት ተኩልና 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ያውም ሁሉ ነገር በተቃናለት ቀን! እንግዲህ አንቺ የመጨረሻዎቹ ውስጥ ከወደቅሽ፣ መርከቡ ላይ ቆመሽ አውሮፕላንሽ ከራስሽ በላይ ሲያልፍ ታያለሽ ማለት ነው።

የኔን ጉድ ልንገርሽ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ናት። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር በፎቶ እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበርና እህቴ ስንት ጊዜ አጠራቅማ እሷንም እኔንም በመርከብ ጋበዘችን። የመልሱን ትኬት ስትቆርጥ ግን እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ሥራ መግባት ነበረባት። ስለዚህ የ3 ሰዓት ከ45ቱን አውሮፕላን ቆረጠች። እኛም ያተረፍነው ባልሽ የሚላትን ያህል ነው፣ በሰው ሰባ ምናምን ዶላር። ያውም አውሮፕላኑ ከማያሚ አይደለም የሚነሳው፤ ርካሽ ነው ተብሎ ከፎርት ላውደርዴል ነው። የማያሚ ኤርፖርት ከማያሚ ወደብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፎርት ላውደርዴል ግን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይኼን ያየነው ታክሲ ውስጥ ገብተን ነው።

በመጨረሻው ማታ ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጡሻል። ሻንጣሽ ላይ ታስሪውና ከምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት ባለው ጊዜ በር ላይ ታወጪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ሻንጣሽን የምታገኚው በማግስቱ የወደቡ አዳራሽ ውስጥ ነው። የምትወርጂውም በቁጥሩ ተራ ነው። ልብሱን ሁሉ አሽጎ አስረክቦ ጠዋት በፒጃማ የሚንከራተት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሳቅኩበት። እኔ ግን ምን እንዳሸግኩ ገና አላወቅኩም ነበር።

እማዬ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቷ ክፍላችን ውስጥ ባለችው ትንሽ ፍሪጅ ነበር። ማታ «እንዳይረሳ» ብዬ አውጥቼ ሻንጣው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ሻንጣውን በር ላይ ያወጣሁትም እኔው። ይኼን ስጽፍ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የስልኩ ነገር ደግሞ አለ። ከማያሚ በፊት በመጨረሻ የወረድነው ኮዙሜል የምትባል የሜክሲኮ ደሴት ላይ ነበር። ፍሎሪዳ በእነሱ የሙቀት ወራት ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ ኮዙሜል አትገፋም። እናም እዚያ ስንወርድ ስልካችን ራሱን አንድ ሰዓት ወደኋላ መለሰ። መርከቡ ግን የራሱን ሰዓት ይዞ ቀጠለ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ነን፣ ኔትወርክ የለም፣ ስልኩ በኮዙሜል ሰዓት እንደቀረ ቀረ። የምንበላውም የምንሄደውም በድምፅ ማጉያ እየተጠራን ስለሆነ ልብ ያለው የለም።

እማዬ ደግሞ የእጅ ሰዓቷን ከአዲስ አበባ ከወጣች ጀምሮ ነክታው አታውቅም። «የቤቴን ሰዓት ልወቅበት» ትላለች። ሌሊት ቀሰቀሰችን። «ልጆች፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል እኮ!» አዲስ አበባ እኩለ ቀን አልፎ ስድስት ተኩል ሲሆን ማያሚ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። እህቴ ስልኳን አየች፤ 10 ሰዓት ተኩል ይላል። «እማዬ፣ እሱ የአዲስ አበባ ነው። ተኚ» አለቻት። እማዬም ተኛች። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበረው ሰዓት ሁሉ ልክ የነበረው የእሷ ብቻ ነበር።

ለ11 ሰዓት የሞላነው ደወል 12 ላይ ጮኸ። እኛ ገና 11 ነው ብለን ተዝናንተን እንታጠባለን። እህቴ አውሮፕላኑን ልይ ብላ ኔትወርክ ስትከፍት ስልኩ ከ11፡40 ወደ 12፡40 ዘለለ። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ዊልቸር ተመዝግቦላት ነበር፤ ዊልቸር የሚጠብቁ ሰዎች ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ አዳራሽ እንዲሰበሰቡ ታዝዘዋል። አለፈን። ስንደርስ የሰልፉ ጭራ ላይ ሆንን። እህቴ ሮጣ ዳቦና እንቁላል ይዛ መጣች። እማዬ ሳህኑን ተቀብላ ቀና ብላ አየችኝና «መርፌዬስ?» አለች።

እህቴ እኔን አየች። እኔ ወለሉን።

ያለ መርፌዋ አልበላም አለች። የማታው መድኃኒት ግን ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሆዷ ደግሞ ባዶ ነው። 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ላብ አጠመቃት፣ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እህቴ ወዲያው ገባት፤ ስኳሯ ወርዷል። ከጎናችን የተቀመጡ አሜሪካዊ አሮጊት ከቦርሳቸው ከረሜላ አወጡ፣ አንዱ ጭማቂ አቀበለን። ቀስ እያለች ተመለሰች። ዊልቸር የሚገፋው ሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ሻንጣውን አዳራሹ ውስጥ ስናገኝ መሬት ላይ ዘርግቼ ልብሳችንን ሁሉ በሰው ፊት እየበተንኩ መድኃኒቱን አወጣሁ። ከወደቡ ስንወጣ 2፡40 ነበር።

የቀረውን ባጭሩ። ታክሲው ወደ 100 ዶላር በላ። ፎርት ላውደርዴል 3፡20 ደረስን። ሻንጣ መቀበል ያቆሙት አውሮፕላኑ ሊነሳ 45 ደቂቃ ሲቀረው፣ ማለትም 3 ሰዓት ላይ ነው። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ነበረች፤ ግን የተዘጋ ተዘግቷል። የሚቀጥለው ባዶ ቦታ ያለው በረራ ማታ ነው፣ ያውም ጭማሪ ተከፍሎ። እህቴ ሥራዋን ስታስብ ደሟ ፈላ። «እማዬ ትንሽ ፈጠን ብትይ ኖሮ እኮ!» አለች። እማዬ ከዊልቸሩ ላይ ሳትቆጣ «እኔን ትታችሁኝ ብትሄዱ ኖሮ ትደርሱ ነበር» አለቻት።

እህቴ እዚያው ካውንተሩ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። በኋላ ከሥራ ቦታዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ከእኔ ጋር ሁለት ሳምንት በቅጡ አልተነጋገርንም። እማዬ ዛሬም ጎረቤት «ባሕሩ እንዴት ነበር?» ሲላት «አቤት ስፋቱ!» ትልና ወዲያው «ግን ልጆቼን አስረፈድኳቸው» ትላለች። እኛ ስንት ጊዜ «አንቺ አይደለሽም» ብንላት አልገባ አላት። ሰባው ዶላር ይኼን አያካክስም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ትኬቱን አትንቀፊበት። አሁን ከነቀፍሽው ነገሩ የሰዓት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የክብር ጉዳይ ይሆናል። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪና «እስቲ አብረን ከአውሮፕላኑ ወደኋላ እንቁጠር» በይው። 3፡30 ይነሳል። ሻንጣ 2፡45 ይዘጋል። እሑድ ጠዋት ማያሚ ላይ ብዙ ጊዜ መርከቡ አንድ ብቻ አይደለም፤ የስንቱ ተሳፋሪ ፍተሻው ላይ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ 1፡30 ኤርፖርት መገኘት አለባችሁ። ታክሲ መጠበቁና መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ፣ 1 ሰዓት ላይ ከወደቡ መውጣት ነው። በ1 ሰዓት ደግሞ የመርከቡ በር ገና አልተከፈተም! ይኼን በራሱ እጅ ሲጽፈው ያየዋል።

ጓደኞቹ «እኛ ደርሰናል» ብለውት ይሆናል። አልዋሹትም፣ የሚደርስ አለ። ምናልባት የወረዱት ፎርት ላውደርዴል ያለው ወደብ ላይ ይሆናል፤ እዚያ ኤርፖርቱ አፍንጫው ሥር ነው። ከፖርት ካናቬራል ኦርላንዶ ኤርፖርት ግን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጋልቬስተን እስከ ሂዩስተን ትልቁ ኤርፖርት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በክረምታቸው ጉም ወደቡን ሊያዘጋው ይችላል። የሰው መርከብ ለሰው ነው።

መጀመሪያ ትኬቱን ከ7 ሰዓት በኋላ ወዳለ በረራ መቀየር ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቅ። በጣም ርካሽ የሚባሉት ትኬቶች ብዙ ጊዜ ለመቀየር እሺ አይሉም፤ ቢሆንም መጠየቅ አይከፋም። አልቀየርም ካሉ ደግሞ ሻንጣችሁን በር ላይ አታውጡ። ራሳቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሰዎች ቀድመው እንዲወርዱ ይፈቀድላቸዋል፤ ማታውኑ የእንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ከሆነ የኤርፖርቱም የ45 ደቂቃ ጣጣ ይቀንሳል። ያም ሆኖ ለ3፡30 እኔ አልማልልሽም። መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ የስልክ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጅሽ እንዳይለዩ። ደወል ስትሞዪ የመርከቡን ሰዓት አይተሽ እንጂ ስልክሽን አምነሽ አይሁን።

አንድ ነገር በመሐል ትዝ አለኝ። «በመርከብ ፓስፖርት አያስፈልግም» የሚልሽ ካለ አትስሚው። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ መርከብ ላይ ለአሜሪካ ዜጎች በልደት ወረቀትና በመታወቂያ ይቻላል። ላንቺ ግን ፓስፖርትሽም የመኖሪያ ወረቀትሽም የግድ ነው።

የሳቁን ነገር ከትኬቱ ጋር አትቀላቅዪው። ሌላ ቀን፣ ሻይ እየጠጣችሁ፣ «ያኔ ስትስቅብኝ ከፍቶኛል» በይው። ለዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አያስፈልግም። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ ትኬቱ ተቀየረ አልተቀየረም ማወቅ እፈልጋለሁ። ጋብቻሽን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልሽ።

ቸር ያሰንብተን።