ጎንደር ሲታደስ የግንበኞቹ ስም የት አለ?

እንደሚታወቀው የጎንደሩ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ፎቶግራፉን ስናይ ብዙዎቻችን ለልጆቻችን «ይህን የሠሩት አባቶቻችን ናቸው» እንላቸዋለን። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት ነው?

አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ተተኪዎቻቸው በየተራ ግንብ ጨመሩ። ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ያህል ነው። ዩኔስኮም በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በአሠራሩ ላይ የህንድና የፖርቱጋል ጥበብ እንደሚታይበት ሊቃውንት ይናገራሉ። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በከተማው ግንባታ መሳተፋቸውም ሽማግሌዎች ከሚነግሩን ሌላ በታሪክ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ስለ ወገኖቻችን የእጅ ሥራ ጽፏል። ከግንበኞቹ አለቆች መካከል መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ።

በዘመነ መሳፍንት ግን ነገሥታቱ ሲዳከሙ ትልልቅ ግንባታዎች ቀሩ። ከሥራው ጋር ክብሩም ወረደ፤ ሲያስከብር የነበረው የእጅ ሙያ መናቂያና «ቡዳ» መባያ ሆነ።

ስለዚህ «ጎንደርን የሠራነው እኛ ብቻ ነን» ማለት ማስረጃው ከሚለው ማለፍ ነው። ድርሻችንን መተው ደግሞ የአባቶቻችንን ድካም መካድ ይሆናል። ግንቦቹ የሚጠሩት በፋሲል፣ በኢያሱ፣ በበካፋና በምንትዋብ ስም ነው። ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎች ስም ግን የለም።

እዚሁ መዝከረት ባትያ ብንመለከት ሁኔታው ሌላ ነው። በ1883 የተመሠረተችው መንደር የባሮን ሮትሽልድን እናት ስም ብትይዝም፣ የመጀመሪያዎቹ 11 ገበሬዎች ታሪክም አልተረሳም፤ በመንደሩ ሙዚየም ይተረካል። ልጆቻችን ይህንን በትምህርት ቤት ይማራሉ። አያቱ አንጥረኛ ወይም ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ለመናገር የሚያፍር ልጅ ግን በሥራችን ያጋጥመናል። እፍረቱን የወረሰው ካገር ቤት ስድብ ነው፤ ከስድቡ በፊት የነበረውን ክብር የነገረው የለም።

ሙያውን በእጃቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በመጪው ሲግድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ልጆቹ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ድንጋይ እንዴት ይጠረባል? ኖራ እንዴት ይቦካል? ሙያውን ከማን ተማሩት? መልሱን ከነስማቸው ቅረጹት። በአማርኛም በትግርኛም ይሁን፣ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።