ቦታውን መልስለት

«ጌም ነው እኮ!»

ይህችን አባባል የሚናገሯት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ታላላቆቻችን ናቸው። አንድ ወጣት በኦንላይን የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮና እንደሚወዳደር፣ በዚህ ሲዝን ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ብቻ እንደቀረው ሲያጫውታቸው «ጌም ነው እኮ፤ ምን ቁም ነገር አለውና!» ይሉታል። ሁለተኛዎቹ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ኩርባ ላይ የፊተኛውን መኪና ከኋላ ገጭተው ከመንገድ ያስወጡታል፤ «ምነው?» ሲባሉም «ጌም ነው እኮ!» ብለው ይስቃሉ።

አንዱ ሊንቅበት፣ ሌላው ሊያመልጥበት ይናገረዋል። የሁለቱም ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ እዚያ የሚደረገው ነገር እውነት ስላልሆነ አይቆጠርም ማለታቸው ነው። እኔ ይቆጠራል እላለሁ። ቅዳሜ ማታ ከሚሰለፉት አንዱ ስለሆንሁ ከውጭ ቆሜ አልናገርም። ክርስቲያን ወጣት ከአፉ ሊያወጣት የማይገባ አባባል ብትኖር ይህችው ናት።

ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የደረጃ ውድድር ጓደኛሞች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ የሚጫወቱት ዓይነት አይደለም። በተወሰነ ሰዓት ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ መነሻ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ውጤታቸው ይመዘገባል፤ በዚያም መሠረት ከአቻዎቻቸው ጋር ይመደባሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውን ግራን ቱሪስሞ ስፖርትን ብንወስድ፣ ለሻምፒዮናዎቹ እውቅና የሰጠው እውነተኛውን ፎርሙላ ዋን የሚመራው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ነው። በ2018 በሞናኮ በተደረገው የዓለም ፍጻሜ የአገሮችን ዋንጫ ያነሣው ብራዚላዊው ኢጎር ፍራጋ በ2020 በፎርሙላ 3 በእውነተኛ መኪና ተወዳድሯል።

በግራን ቱሪስሞ የኦንላይን ውድድር ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም አጠገብ ሁለት ፊደላት ይታያሉ። አንደኛው የአነዳድ ደረጃው ነው፤ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው የስፖርታዊ ጨዋነት ደረጃው ነው፤ ከሌሎች ጋር እንዴት እንደሚነዳ ይናገራል። ይህ ሁለተኛው ከኢ ተነሥቶ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ እስከ ኤስ ይወጣል። ሰው ስትገጭ ይወርዳል፣ በንጽሕና ስትነዳ ያድጋል። በጣም ሲወርድብህ የምትመደበው እንዳንተው ከሚገጩት ጋር ነው። በዚያ ላይ ማንም ወደ ውድድሩ ክፍል ከመግባቱ በፊት ስለ ውድድር ሥነ ምግባር የሚያስተምሩ ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎችን የማየት ግዴታ አለበት።

ከ2008 ጀምሮ ያለው አይሬሲንግ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። የምትገባው በእውነተኛ ስምህ ነው፤ የምትደበቅበት ቅጽል ስም የለም። ሁሉም ከጀማሪ ፈቃድ ተነሥቶ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ያድጋል። ፈቃድህ የሚያድገው ስንት ጊዜ አንደኛ እንደወጣህ ተቆጥሮ ሳይሆን፣ ስንት ኩርባ ያለ ጥፋት እንዳለፍህ ታይቶ ነው። በአስፋልት ውድድር ከመንገድ መውጣት 1፣ መኪናን መቆጣጠር አቅቶ መሽከርከር 2፣ ከሌላ መኪና ጋር በኃይል መጋጨት 4 የጥፋት ነጥብ ያስመዘግባል።

እንግዲህ ጌሙን የሠሩት ሰዎች እንኳ «ጌም ነው እኮ» አላሉም። በመካከላችን ስለ ፍጥነቱ ፊደል የሚያወራ ሞልቷል። ስለ ሁለተኛው ፊደል ሲመካ የሰማሁት ግን የለም።

«አይቆጠርም» ለሚል ሰው 2020 በቂ ምስክር ነው። ያን ዓመት ኮሮና እውነተኛዎቹን ውድድሮች ሲዘጋቸው ዝነኛ ሾፌሮች ከቤታቸው ሆነው በኦንላይን ይሽቀዳደሙ ጀመር። በኤፕሪል ወር አሜሪካዊው የናስካር ሾፌር ቡባ ዋላስ ከተጋጨ በኋላ ተናድዶ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ሰዎች ሲቆጡም ለቪዲዮ ጌም ይህን ያህል መቆጣታቸው አሳቀው። አንዱ ስፖንሰሩ ግን አልሳቀም፤ ውሉን ትቶ ሄደ። በሜይ ወር ደግሞ ጀርመናዊው የፎርሙላ ኢ ሾፌር ዳንኤል አብት በራሱ ስም ሌላ ሰው፣ ያውም የጌም ባለሙያ፣ አስነድቶ ተገኘ። ውድድሩን በሦስተኛነት ጨርሶ ነበር። ውጤቱ ተሰረዘ፤ 10,000 ዩሮ ለበጎ አድራጎት እንዲከፍል ተፈረደበት፤ ቡድኑ አውዲም አገደው። እርሱ ነገሩን ለተመልካች ቀልድ አድርጎ ነበር ያሰበው። ያጣው ግን በእውነተኛው መኪና ውስጥ የነበረውን መቀመጫውን ነው።

እነዚህን ሰዎች ያነሣኋቸው ልኮንናቸው አይደለም። ዓለም እንኳ ይህን ምክንያት እንዳልተቀበለ ለማሳየት ነው። ታዲያ የቤተ ክርስቲያን ልጆች መለኪያ ከስፖንሰር መለኪያ ያንሳል?

በስክሪኑ ላይ የሚታይህ መኪና ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው ግን ሰው ነው። ምናልባት ከሥራ ተመልሶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ በሳምንት አንዴ የሚያገኛትን አንዲት ሰዓት ይዞ የተቀመጠ አባት ይሆናል። ምናልባት ለዚያች ምድብ አንድ ወር ሙሉ የተለማመደ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይሆናል። አንተ በአንድ ኩርባ ላይ አንድ ወሩን ወሰድህበት። የሕግ አዋቂው ባልንጀራው ማን እንደሆነ በጠየቀ ጊዜ ጌታ የመለሰለት በመንገድ ላይ ተመትቶ ስለወደቀ ሰው ምሳሌ በመናገር ነበር። አይተው ያለፉትን ካህንና ሌዋዊ ስንወቅስ ኖረናል። በኦንላይኑ መንገድ ላይ ግን አልፈን የሄድን ብቻ ሳንሆን፣ መትተን የጣልነው ወንበዴዎቹ እኛው ሆነን እንገኛለን።

ግጭት ደግሞ ከጥፋቶቹ አንዱ ብቻ ነው። አንዳንዱ አዲስ አካውንት ከፍቶ ጀማሪዎች መካከል እየገባ ያሸንፋል፤ ትልቅ ሰው ከሕፃናት ጋር ታግሎ እንደመፎከር ነው። አንዳንዱ ለሊግ ምደባው ውድድር የሚበልጠውን ጓደኛውን ያስነዳል። ይህ በፈተና ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው በራስ ስም ከማስቀመጥ በምን ይለያል? አንዳንዱ መሸነፉን ሲያይ ኮኔክሽኑን ቆርጦ ይወጣል። መብራት ጠፍቶ መውጣትና ተናድዶ መውጣት ለኮምፒውተሩ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። አንተ ግን ልዩነቱን ታውቃለህ፤ ጌታም ያውቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በግራን ቱሪስሞ መኪናህን እንደፈለግህ ቀለም መቀባት፣ የወደድኸውን ሥዕልና ጽሑፍ መለጠፍ ትችላለህ። መስቀል ወይም የጥቅስ ምዕራፍና ቁጥር ለጥፎ የሚሰለፍ ወንድም አለ። ደስ ይላል። በኋላ መስታወቱ ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ብሎ ለጥፎ፣ መስመር እየዘጋ፣ እግረኛ እያስደነገጠ የሚሄደውን ሚኒባስ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኋላው የሚከተለው ሰው የሚያነበው ተለጣፊውን ነው ወይስ አነዳዱን? ስክሪኑ ላይ መስቀል ለጥፈህ ብትገጨው፣ ስለ ክርስቶስ ምንም የማያውቅ የሌላ አገር ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱን ከመከላከያህ ተማረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በንጹሕ ተወዳዳሪዎች ዘንድ አንድ መልካም ልማድ አለ። ሳታስበው ሰው ገፍተህ ቦታውን ከወሰድህ፣ ማንንም በማትጎዳበት ቦታ ላይ ፍጥነትህን ትቀንሳለህ፤ እስኪያልፍህ ትጠብቃለህ፤ ቦታውን ትመልስለታለህ። ማንም አያስገድድህም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተበደለው ሰው በቀር የሚያይህም የለም። እኔ ከዚህ ልማድ የበለጠ ለደቀ መዝሙርነት የሚመች ትምህርት በጌም ውስጥ አላየሁም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ንስሐውን በቃል ብቻ አልጨረሰውም፤ ያታለለውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ተነሣ። እኛ ግን በቻት «ሶሪ» ጽፈን፣ የወሰድነውን ቦታ እንደያዝን እንበርራለን። ይቅርታ መጠየቅህ መልካም ነው፤ ቦታው ግን አሁንም በእጅህ ነው። ቦታውን መልስለት።

«እርሱ ቀድሞ ገጭቶኛል» ትለኝ ይሆናል። በአይሬሲንግ ግጭት ሲደርስ ኮምፒውተሩ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይመረምርም፤ ለገጪውም ለተገጪውም ነጥቡን ይመዘግባል። የሚያናድድ ነው። ሪፕሌዩን አስቀምጠህ ለአዘጋጆቹ አቤቱታ ማቅረብ ትችላለህ። ይህ መብትህ ነው፤ በቀልም አይደለም። በሚቀጥለው ዙር አድፍጠህ መግጨት ግን በቀል ነው። ጳውሎስ የሮሜን ምእመናን በቀልን ለእግዚአብሔር እንዲተዉ ሲመክራቸው፣ ከኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው የተለየ ፈቃድ አልጻፈም።

«እንዲህ ከነዳሁ እሸነፋለሁ» ትለኛለህ። አዎን፣ አንዳንዴ ትሸነፋለህ። ይህን ሳልነግርህ ባልፍ አታለልሁህ ማለት ነው። በአንድ ቦታ ልዩነት ሊጉ ሊያመልጥህ፣ አንድ ሲዝን ሙሉ የደከምህበት ፊደል ሊቀርብህ ይችላል። ደረጃው አገልጋይህ ይሁን ጌታህ የሚለየው ያን ጊዜ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ደንቡን ያልጠበቀ ተወዳዳሪ አክሊል እንደሌለው ያስታውሰዋል። ተሰርቆ የመጣ ሊግ ያንተ አይደለም፤ እዚያ ስትደርስም ከማትመጥናቸው ሰዎች ጋር ትሰለፋለህ።

ጨዋነት ግን መልፈስፈስ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር ስትታገል አንዲት እርምጃ እንኳ አልለቀቀችላትም፤ በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደች። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ በርትታችሁ ተወዳደሩ። ፍሬናችሁን እስከ መጨረሻው አዘግዩ፤ ክፍተት ካለ ግቡበት። ክፍተት ከሌለ ደግሞ በሰው ላይ ክፍተት አትሥሩ።

ለታላላቆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ስለ ጊዜ የምትሉት ትክክል ነው። ሌሊቱን ሲወዳደር አድሮ እሑድ በአምልኮ መካከል የሚያንቀላፋ ወጣት ሊገሠጽ ይገባዋል። ስለ ገንዘብም ተናገሩ። በሞባይል ከሚሠሩት የእሽቅድምድም ጌሞች ብዙዎቹ ከነሐስ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ወርቅ ለመውጣት የሚረዳ መኪና በብር ይሸጣሉ። አንዳንዶቹም ገዢው ምን እንደሚደርሰው በማያውቀው ጥቅል ውስጥ አድርገው ይሸጡታል፤ ይህ ከዕጣ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። በእነዚህ ላይ ብትቆጡ አብረናችሁ ነን።

«ጌም ነው እኮ» ግን አትበሉን። እናንተ ይህን ስትሉ ወጣቱ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «በሳምንት ብዙ ሰዓት በማሳልፍበት በዚያ ስፍራ ክርስቶስ ምንም ጉዳይ የለውም» ብሎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ መዘምራን መካከል አንድ ሰው፣ መሪ ይዞ ሌላ ሰው መሆን ይለምዳል። ይህን የለመደ ልብ በጌም ብቻ አያቆምም። ነገ ሥራ ሲይዝ «ቢዝነስ ነው እኮ» ይላል። ሥልጣን ሲያገኝ «ፖለቲካ ነው እኮ» ይላል። ጌታ የማይገባባቸውን ክፍሎች አንድ በአንድ እየቆለፈ ይሄዳል፤ የመጀመሪያውን ቁልፍ የሰጠነው ግን እኛ እንሆናለን። ስለዚህ ከመናቃችሁ በፊት አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀመጡ። ሲያሸንፍ ሳይሆን ሲገጩት ምን እንደሚያደርግ እዩ። ከብዙ ስብከት የማታገኙትን ስለ ልጃችሁ ልብ ታገኛላችሁ።

የወጣቶች ኅብረት መሪዎችም ከዚህ የሚሠሩት አላቸው። የሚወዳደሩትን ወጣቶች ሰብስቡና እያንዳንዱ የመጨረሻ ውድድሩን ሪፕሌይ ለሌሎቹ ያሳይ። ሲያሸንፍ የነበረውን ብቻ ሳይሆን የተጋጨባቸውንም ኩርባዎች ያሳይ። ቦታ የወሰደበትን ሰው ይቅርታ ጠይቆ እንደሆነ፣ መልሶም እንደሆነ ጠይቁት። ከእንግዲህም እርስ በርሳችን «ደረጃህ ስንት ደረሰ?» ስንባባል፣ ስለ ሁለተኛው ፊደል እንጠያየቅ።