የመንግሥት ሠራተኛስ ሠራተኛ አይደለምን?

በጎንደር ከተማ በዳሸን ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ሰውና በዚያው ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ከአንድ ገበያ ይሸምታሉ፤ የሁለቱንም ኪስ የሚያራቁተው ያው የጤፍ ዋጋ ነው። በሕግ ፊት ግን እኩል አይደሉም። የፋብሪካው ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጓደኞቹ ጋር የሠራተኛ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት ሊፈራረም ይችላል። መምህሩን ግን ይኸው አዋጅ «አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ» ብሎ ከደጅ ይመልሰዋል።

መብቱ ሳይጻፍ ቀርቶ ነውን? አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀትና የመደራደር መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ እነማን እንደሆኑም በሕግ ይወሰናል ይላል። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ግን ስለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሲያትት ስለ ኅብረት ድርድር ዝም አለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች በ1955 ዓ.ም. ብታጸድቅም፣ በዓመቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 የመንግሥት ሠራተኛውን ከውጭ ተወው። 98ኛው ስምምነት ለይቶ የሚያስቀረው መንግሥትን የሚያስተዳድረውን ሹም ነው፤ ጠመኔ የያዘ መምህርና መርፌ የያዘች ነርስ የትኛውን መንግሥት ያስተዳድራሉ? መምህራን በ1941 ዓ.ም. ማኅበር መሥርተው፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቁመው የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን አስቁመዋል። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታስረዋል። ዛሬም ማኅበር አለ፤ በሕግ የጸና የድርድር ጠረጴዛ ግን የለም።

«ነርስ ሥራ ካቆመች ሕመምተኛው ምን ይሁን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዚያው ከአዋጅ 1156 ይገኛል። አዋጁ የሆስፒታል ሠራተኛ ሥራ እንዳያቆም ይከለክላል፤ እንዳይደራደር ግን አይከለክልም። ስለዚህ በግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ የምትደራደርበትን፣ የመንግሥቷ ነርስ የምትከለከልበት ምክንያት ከየት መጣ? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ታሰሩ። የድርድር በር በተዘጋበት ቤት ጩኸቱ በመስኮት ይወጣል።

«የደመወዝ ስኬል ከላይ ይመጣል፤ የጎንደር ከተማ አስተዳደር ወይም የሰሜን ጎንደር ወረዳ ምን ያደርጋል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ስኬሉን ወረዳ አይወስንም። ነገር ግን ከወረዳ በጀት አብዛኛውን የሚወስደው ደመወዝ ነው። በጃናሞራና በበየዳ ደጋ የተመደበ መምህር ደመወዙን በስንተኛው ቀን እንደሚያገኝ፣ ዝውውር በምን ተራ እንደሚሰጥ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የዱቲ ክፍያዋ መቼ እንደሚደርሳት፣ እነዚህ ሁሉ እዚሁ ከእኛው ዘንድ ይወሰናሉ። ለእነዚህ ለመደራደር የአዲስ አበባን አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። በጀት ከመጽደቁ በፊት ሠራተኛው በነፃ የመረጣቸውን ተወካዮች ጠርቶ ማነጋገር፣ የተስማሙበትን በቃለ ጉባኤ ጽፎ በየመሥሪያ ቤቱ መለጠፍ፣ ቃልንም መጠበቅ ይበቃል። ምክር ቤቶቹ ከዚህ አልፈው በአንቀጽ 42 የተባለው ሕግ እንዲወጣ በስማቸው ሊጠይቁ ይችላሉ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህ የሌላ ሰው ጉዳይ አይምሰለን። ከእኛ ብዙዎቹ ነገ በደባርቅና በዳባት ጠመኔ ይይዛሉ፤ ከሕክምናው ግቢ ያሉትም በየጤና ጣቢያው ይመደባሉ። የተማሪዎች ማኅበራችን ከመጪው ሰኔ በፊት ለምክር ቤቶቹ ይጻፍ፤ እኛም እንፈርምበት።