ከማሳመር በፊት ማቅለል

እንደሚታወቀው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የያዝናቸው ያገለገሉ ላፕቶፖች ይህን አያሟሉም። በዚህ የተነሳ በዲፓርትመንታችን ሊኑክስ የሚጭን ተማሪ እየበረከተ ነው። እሰየው! ነገር ግን ከጫኑት መካከል ወር ሳይሞላቸው ወደ ነበሩበት የሚመለሱት ጥቂት አይደሉም። ይህ ለምን እንደሚሆንና ምን ቢደረግ እንደሚሻል በበኩሌ የሚታየኝን ለመሰንዘር እወዳለሁ።

ችግሩ በእኔ እምነት የሚጀምረው ከመጀመሪያው ምሽት ነው። ሊኑክስ የጫነ ተማሪ ቀድሞ የሚነካው ምንድን ነው? የጀርባ ሥዕሉን፣ አይከኖቹን፣ ከታች እንደ ማክ የሚደረደረውን ዶክ ነው። ኮምፒዝ በ2006 እ.ኤ.አ. ዴስክቶፑን እንደ ኪዩብ ማሽከርከር ካስተማረን ጊዜ ጀምሮ ይሄ አመል አለቀቀንም። ጓደኛ ይጠራል፣ ይታያል፣ ይደነቃል። በማግስቱ አሳይመንት ሊሠራ ሲቀመጥ ግን ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ አማርኛ አይጽፍም። ከዚያማ ምን ይባላል? «ሊኑክስ አይረባም!» ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ዴስክቶፕን ለዕለት ሥራ ማመቻቸት በቅደም ተከተል ሊሠራ ይገባል፤ መጀመሪያ መቀነስ፣ ቀጥሎ ቋንቋችንን ማስገባት፣ ማሳመሩ በመጨረሻ።

መቀነስ የሚጀምረው ከምርጫ ነው። በሊኑክስ ዓለም ሲስተሙና ዴስክቶፑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ሲስተም በግኖም፣ በኬዲኢ ወይም በኤክስኤፍሲኢ መጠቀም ይቻላል። ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ በሚባሉ ሦስት ዓይነቶች ይቀርባል። ከእነዚህ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ ነው። ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ የሚመክረው ግን 4 ጊጋባይት ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ይዞ ከባዱን ዴስክቶፕ መምረጥ በአህያ ላይ የግመል ጭነት መጫን ነው።

ማንኛውንም ነገር ከመነካካት በፊት ታይምሺፍት በተባለው ፕሮግራም የሲስተሙን ቅጂ ማስቀመጥ ይገባል። ነገር ቢበላሽ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። ልብ በሉ፣ ይህ ፕሮግራም በራሱ አሠራር የግል ፋይሎቻችንን አይጨምርም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በፍላሽ ለብቻው ይቀመጥ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ የማያስፈልጉትን ማጥፋት ነው። ፕሪንተር ለሌለው ሰው የፕሪንተር አገልግሎት ምን ያደርግለታል? በመስኮት አስተዳዳሪው ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ ኮምፖዚተር የሚለውን ማጥፋት ይቻላል፤ ጥላውና ግልጽነቱ ይቀራል፣ ደካማ የግራፊክስ ካርድ ግን ይተነፍሳል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ከዴስክቶፑ ላይ በስንት መከራ የቆጠብነውን ሚሞሪ ብሮውዘሩ ሃያ ታብ ተከፍቶበት በአንዴ ይውጠዋል። ስለዚህ የታብ ቁጥር መቀነስና ማስታወቂያ መከልከያ መጫን ከማንኛውም ገጽታ ለውጥ ይበልጣል። ሚሞሪ ላነሰው ማሽን ዚራም የሚባለው ዘዴም አለ፤ ራም ውስጥ ያለውን መረጃ በከፊል ጨምቆ ቦታ ያተርፋል። ከሁሉም በላይ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር የሚያመጣውን ልዩነት የትኛውም የሶፍትዌር ጥበብ አያመጣውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ሊኑክስም አማርኛ ለመጻፍ የሚያንሰው ነገር የለም፤ የሚያንሰው የሚያስተካክለው ሰው ነው። አይባስ የተባለውን የጽሕፈት ሥርዓትና ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል ጭኖ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ሴራን መምረጥ ይበቃል። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የሚሉትን ቁልፎች በተራ ብንመታ «ሰላም» ይወጣል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን ፎንቶች ከጨመርን በሊብረኦፊስ ያለ ችግር መጻፍ ነው። ይህ ከአሥራ አምስት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ሳይሠራ ቀርቶ ስንቱ ሰው ሊኑክስን ተወው!

አንዳንድ ጓደኞቼ «አዲስ ሰው የሚሳበው በውበት ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ይሳባል። የሚያቆየው ግን ሥራው ሲሠራለት ነው። ደግሞም ሊኑክስ ሁሉን ይሠራል ብለን አናታልል። አውቶካድ በሊኑክስ አይቀርብም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችም ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ላለበት ሰው ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማቆየቱ ነውር የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው በሞባይል ዳታው እያወረደ፣ አንዱ የፈታውን ሌላው እንደ አዲስ እየፈታ መቀጠል የለበትም። ዲፓርትመንቱ አንድ የተስማማንበት ቀላል አቀማመጥ ቢያዘጋጅ፣ አሠራሩም በሁለት ገጽ አማርኛ ተጽፎ በላብ በር ላይ ቢለጠፍ መልካም ነው። በላቡ ውስጥ ካሉት አሮጌ ማሽኖች አንዱን መርጦ አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም መጫንም ይቻላል። የመጀመሪያው ተማሪ አንድ ጥቅል ከኢንተርኔት ሲያወርድ ማሽኑ ቅጂውን ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ ከዚያው ከላቡ ኔትወርክ ይወስዳሉ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የአንድ ቅዳሜ ሥራና የአንድ መምህር ፈቃድ ነው።

ይህ ከሆነ «አርጅቷል» ተብሎ ጥግ የተቀመጠው ኮምፒውተር ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፍበት ይሆናል። የጀርባ ሥዕሉን ያን ጊዜ እንደየምርጫችን እንቀይረዋለን።

ቸር ይግጠመን!