በዝምድና ወይስ በማመልከቻ?

አንድ ወጣት ሙያ ለመማር ሲነሣ በሩን የሚከፍትለት ማን ነው? ዘመዱ ነውን? የአባቱ ገንዘብ ነውን? ወይስ በገዛ እጁ የጻፈው ማመልከቻ? ይህ ጥያቄ በየአገሩ የሚነሣ ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ አገር የሕግ ሙያ ታሪክ ጥያቄውን አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። የምንሟገትለትም አሳብ የሚከተለው ነው፤ በማመልከቻ የሚከፈት በር በዝምድና ከሚከፈት በር እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን በሩ በእውነት ለሁሉም ተከፈተ የሚባለው፣ አመልካቹ የሚጠየቀው ነገር በይፋ ሲነገርና የማመልከቻ አጻጻፍም በየትምህርት ቤቱ ለሁሉም ሲሰጥ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። በእንግሊዝና በዌልስ የሕግ ባለሙያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ባሪስተር የሚባሉት በተለይ በፍርድ ቤት ቆመው የሚከራከሩ ናቸው። ሶሊሲተር የሚባሉት ደግሞ ደንበኛን ያማክራሉ፤ ውልና ኑዛዜ ያዘጋጃሉ፤ የክርክር መዝገብ ያደራጃሉ። ስለዚህም እኛ ነገረ ፈጅ ከምንለው ባለሙያ ጋር ይቀራረባሉ። ሶሊሲተሮች አብዛኛውን ጊዜ በሽርክና ተሰባስበው የሕግ ድርጅት ያቋቁማሉ። ከእነዚህ ድርጅቶች አንዳንዶቹ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሏቸው አነስተኛ ቢሮዎች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን ዋና ቢሯቸውን በለንደን አድርገው በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ የከፈቱ ናቸው።

ቀድሞ ሶሊሲተር ለመሆን የሚሻ ወጣት ከአንድ ነባር ባለሙያ ጋር የተለማማጅነት ውል ይዋዋል ነበር። ውሉ ለብዙ ዘመን አምስት ዓመት የሚቆይ ነበር። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ደመወዝ ማግኘቱ ቀርቶ፣ አባቱ ልጁን ለተቀበለው ባለሙያ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ከዚህም የተነሣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ የሚተላለፍ ርስት መስሎ ኖረ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚያም አገር የሚስማማ ነበር ማለት ይቻላል።

ሴቶችማ ገንዘብም ዘመድም ቢኖራቸው እንኳ በሩ ዝግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ጉዊኔዝ ቤብ የተባለች ሴት ለሙያው ፈተና እንዳትቀመጥ የከለከላትን የሶሊሲተሮች ማኅበር ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ግን ሴቶች ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሥራ ተሠማርተው አያውቁም በማለት ክሷን ሳይቀበል ቀረ። ይህን ዓይነቱን ክልከላ የሚያስቀር ሕግ የወጣው በ1919 ሲሆን፣ ኬሪ ሞሪሰን በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ ሴት ሶሊሲተር ለመሆን የበቃችው በ1922 ነው። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። «ከጥንት የነበረ ልማድ» የሚባለው ምክንያት ብዙውን ጊዜ በውስጥ ያሉት ሰዎች በውጭ ያሉትን የሚከለክሉበት አጥር ነው።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የቀድሞው የተለማማጅነት ውል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ «የሥልጠና ውል» እየተባለ ይጠራል። ሠልጣኙ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይሠራል፤ በየስድስት ወሩም ከአንዱ የሥራ ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራል። ከፋይነቱም ተገልብጧል፤ ዛሬ ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ከዚህም አልፈው ሠልጣኙ አስቀድሞ የሚማረውን ትምህርትና የሚቀመጥበትን ፈተና ወጪ ይሸፍናሉ። በዩኒቨርሲቲ ሕግ ያላጠና ሰው እንኳ፣ ታሪክም ሆነ ሳይንስ ቢያጠና፣ ማመልከት ይፈቀድለታል።

ወደ ሥልጠናው ውል ከሚያደርሱት መንገዶች ዋነኛው የዕረፍት ጊዜ ልምምድ የሚባለው ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት በሚዘጋበት ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ያህል በሕግ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ከአንድ ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ሕግ ይፈልጋል፤ ማስታወሻ ያዘጋጃል፤ ከደንበኞች ጋር የሚደረግ ስብሰባ ይከታተላል። በመጨረሻም ለሥልጠናው ውል ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። አንዳንድ ድርጅቶች ሠልጣኞቻቸውን በሙሉ ወይም አብዛኞቹን የሚመርጡት በዚህ ልምምድ ካለፉት መካከል ነው። እንግዲህ ልምምዱ ለይስሙላ የሚደረግ ጉብኝት አይደለም፤ የሁለት ሳምንት ፈተና ነው ማለት ይቀላል።

ወደዚህ ልምምድ ለመግባት ደግሞ ማመልከቻ መጻፍ ያስፈልጋል። ቅጹ በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ይህን ሙያ ለምን መረጥህ? ከብዙዎቹ ድርጅቶች መካከል ይህንኑ ለምን መረጥህ? ከሌሎች ጋር ተባብረህ የሠራኸው ሥራ ምንድን ነው? ቅጹን ያለፈ ሰው በብዙ ድርጅቶች ዘንድ «ዋትሰን ግሌዘር» የተባለውን የማመዛዘን ፈተና ይወስዳል። ፈተናው የሕግ ዕውቀትን አይመረምርም። አንድ አጭር ጽሑፍ ቀርቦ፣ ከጽሑፉ የሚከተለው መደምደሚያ የትኛው እንደሆነ፣ ሳይነገር የታሰበው ነገር ምን እንደሆነ፣ ጠንካራውና ደካማው ማስረጃ የቱ እንደሆነ ይጠየቃል። በሌላ አነጋገር የሚፈተነው ማንበብና ማመዛዘን ነው።

ታዲያ ይህ አሠራር ትክክለኛ ነውን? አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች መከራከሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ «ማመልከቻው የድሮውን አድልዎ ስሙን ለውጦ አስቀረው እንጂ አላጠፋውም። የባለጸጋ ልጅ በማዕድ ላይ ስለ ሕግና ስለ ንግድ ሲወራ ይሰማል፤ ማመልከቻውን የሚያርምለት ዘመድም አያጣም። የድኻ ልጅ ግን ቅጹ ምን እንደሚፈልግ የሚነግረው የለም።» ይህ አነጋገር ከማስረጃ የራቀ አይደለም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በየጊዜው የሚሰበስበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በእንግሊዝና በዌልስ የሕግ ድርጅቶች ከሚሠሩት ጠበቆች ከአምስቱ አንዱ ያህል በክፍያ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ከአገሪቱ ተማሪዎች መካከል ግን በእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት የሚማሩት ከመቶ 7 ያህል ብቻ ናቸው።

መረጃው እውነት ነው፤ ከመረጃው የሚወሰደው መደምደሚያ ግን ማመልከቻውን መንቀፍ ሊሆን አይገባም። ምክንያቱም በዝምድናና በማመልከቻ መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። አጎት የሌለውን ልጅ አጎት እንዲኖረው ማድረግ አይቻልም፤ ጽሕፈት የማያውቀውን ልጅ ግን ጽሕፈት ማስተማር ይቻላል። ደግሞም የዝምድና ውሳኔ በሹክሹክታ የሚያልቅ በመሆኑ ማንም ሊመረምረው አይችልም። በወረቀት ላይ የሰፈረ መልስ ግን ከሌላው መልስ ጋር ጎን ለጎን ሊመዘን፣ የአመልካቹም ስም ተሸፍኖ ሊታረም ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው በሩን መዝጋት አይደለም፤ ቁልፉን ለሁሉም ማደል ነው።

ቁልፉን ማደል የመጀመሪያው ተግባር የድርጅቶቹና የተቆጣጣሪዎቹ ነው። የልምምድ ጊዜ በይፋ ማስታወቂያ መውጣትና ደመወዝ ያለው መሆን ይገባዋል። ያለ ደመወዝ አንድ ወር በለንደን የሚቀመጥ ወጣት ቤተሰቡ ቀለብና የቤት ኪራይ የሚችልለት ብቻ ነውና። ከዚህ አንጻር እ.ኤ.አ. በ2014 ለሠልጣኞች ተወስኖ የነበረው ልዩ ዝቅተኛ ደመወዝ መሰረዙ የሚነቀፍ ነው። ለሁሉም ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ቢቀርም፣ እርሱ ለብዙ ዓመታት ተምሮ ዕዳ ላለበት ወጣት የሚበቃ አይደለም። በአንጻሩ በ2021 የተጀመረው አዲስ ሥርዓት የሚመሰገን ገጽታ አለው። በዚህ ሥርዓት የሁለት ዓመቱ ሥራ በአንድ ድርጅት ብቻ መሠራቱ ቀርቶ፣ እስከ አራት በሚደርሱ ቦታዎች፣ ነፃ የሕግ ምክር በሚሰጥበት ቢሮ ጭምር፣ ተከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር የመጣው ፈተና ክፍያ ከ4,000 ፓውንድ በላይ ስለሆነ፣ ስፖንሰር የሌለው ወጣት በአንድ በኩል የተከፈተለት በር በሌላ በኩል ሊዘጋበት ይችላል።

ሁለተኛው ተግባር የትምህርት ቤት ነው። በዚያው በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006 «ፓዝዌይስ ቱ ሎው» የተባለ ፕሮግራም ተቋቁሟል። ፕሮግራሙ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ጎበዝ ተማሪዎችን ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ከሕግ ባለሙያዎች ጋር ያገናኛል። ይህም ሌሎች በማዕድ ላይ የሚሰሙትን ነገር እነርሱ በክፍል ውስጥ እንዲሰሙት ያደርጋል። የአንድ አስተማሪ ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሦስተኛው ተግባር የአመልካቹ የራሱ ነው። ብዙ ወጣቶች ማመልከቻ ሲጽፉ ምስጋና ያበዛሉ፤ ማስረጃ ያሳንሳሉ። ለምሳሌ በሊድስ ከተማ የምትኖር የአንድ አውቶቡስ ነጂ ልጅ አለች እንበል። ይህች ልጅ «ድርጅታችሁ በዓለም የታወቀ ስለሆነ፣ እኔም ለሕግ ታላቅ ፍቅር ስላለኝ ትቀበሉኝ ዘንድ እጠይቃለሁ» ብላ ብትጽፍ፣ ቃሏ ለማንኛውም ድርጅት ሊላክ የሚችል በመሆኑ ለማንም አይረባም። ነገር ግን እንዲህ ብትጽፍስ?

«ለሁለት ዓመት በየቅዳሜው በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። በግድግዳው ላይ ‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም› የሚል ማስታወቂያ ነበር። አንዲት ደንበኛ ጉድለት ያለበት ዕቃ መልሳ ስትመጣ ማስታወቂያው ታያት። እኔም ሕጉን ፈልጌ አነበብሁ። በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብ መቀበልን እንደሚፈቅድ፣ ማስታወቂያውም ይህን መብት ሊያስቀር እንደማይችል ተረድቼ ለባለሱቁ ነገርሁት። ድርጅታችሁ ነጋዴዎችን በዚህ ረገድ እንደሚያማክር ስላወቅሁ ሥራውን ከእናንተ ለመማር እፈልጋለሁ።»

በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ አንድም የምስጋና ቃል የለም። ነገር ግን ልጅቱ ማንበብ፣ ማመዛዘንና መናገር እንደምትችል ከሥራዋ ይታያል። የሱቅ ሥራም እንደ ማፈሪያ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ቀርቧል። ድኻ አመልካች የሚያቀርበው ነገር የለውም የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ የሚያቀርበው ሞልቶታል፤ የጎደለው እንዴት እንደሚያቀርበው የሚነግረው ሰው ነው። ጊዜም ማወቅ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሠልጣኝ የሚመርጡት ሥልጠናው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድመው ነው። በመጨረሻው ሌሊት ለብዙ ድርጅቶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚልክ ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል።

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር የተነገረ ቢመስልም፣ በእኛም አገር ጉዳዩ ቀርቧል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ድርጅት ካለ ተለማማጅ ይኖራል፤ ተለማማጅ ካለም የመቀበያ መንገድ ያስፈልጋል። ያ መንገድ በስልክ የሚነገር የዘመድ አደራ ይሆናል ወይስ በይፋ የወጣ ማስታወቂያና በእኩል ሚዛን የሚታይ ማመልከቻ? እንግሊዞች ከአባት ክፍያ ወደ ማመልከቻ ለመድረስ ብዙ ትውልድ ፈጅቶባቸዋል። እኛ ገና በጅምሩ ላይ ስለሆንን የእነርሱን ረጅም ጉዞ መድገም አይገባንም።

በጠቅላላው፣ ማመልከቻ መጻፍ የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕ ጉዳይም ነው። አንድ ተማሪ ስለ ራሱ እውነቱን በግልጽና በማስረጃ መጻፍ ሲችል፣ ዘመድ የሌለው ሰው የሚቆምበት መሬት ያገኛል። ድርጅቶች በራቸውን በይፋ ይክፈቱ፤ ትምህርት ቤቶችም የማመልከቻ አጻጻፍን ከሰዋስውና ከድርሰት እኩል ያስተምሩ። ያን ጊዜ ሙያ በዘር የሚወረስ ርስት መሆኑ ቀርቶ በችሎታ የሚገኝ ማዕርግ ይሆናል።

ጥያቄዎች

1. የጸሐፊው ዋና አሳብ በየትኛው አንቀጽ ላይ ተገልጿል? በራሳችሁ አባባል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።
2. ጸሐፊው የተቃራኒዎቹን መከራከሪያ ያቀረበው ለምንድን ነው? በምንስ ምክንያት መለሰው?
3. «ቁልፉን ለሁሉም ማደል» የሚለው አነጋገር በጽሑፉ ውስጥ ምን ለማለት ነው?
4. ሁለቱን የማመልከቻ ናሙናዎች አነጻጽሩ። የመጀመሪያው ለምን ደካማ ተባለ?
5. በመንደራችሁ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በዕረፍት ጊዜ ለመለማመድ የምትጠይቁበትን ማመልከቻ ከአንድ ገጽ ሳታስበልጡ ጻፉ። ስለ ራሳችሁ የምትሰጡት እያንዳንዱ ቃል በሠራችሁት ሥራ የተደገፈ ይሁን።